የወንዙ ዳር ፉክክር፦ የወ/ሮ ሠርኬ ጓንጉል የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሠርኬ ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ይርዳው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማዕረግ ስንሻው በ1936 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አክስታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አሳደጓቸው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍልም ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ከሹፌሩ ከአቶ ውቤ ታደገ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሎዛንና ሙሉዬን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1965 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ መርካቶ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እየነገዱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አስተማሩ።

ወ/ሮ ሠርኬ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ነበሩ። በሰፈሩ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲሞት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሌላ ሰው ከተጠራ ግን አይወዱም ነበር። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን እኛ ቤተሰቦቻቸው አንሸፍነውም፤ ወ/ሮ ሠርኬ ቀናተኛ ነበሩ።

ከሰፈሩ ሥር የሚያልፈው ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ ቤት ይገባ ነበር። በ1998 ዓ.ም. አንድ ማኅበር የወንዙን ዳር በዛፍና በሣር ለማስያዝ አስቦ፣ የት ምን እንደሚተከል ነዋሪው ራሱ እንዲመክርበት ስብሰባ ጠራ። ነዋሪው ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠው ፊት ለፊታቸው የሚኖሩትን የጨርቅ ነጋዴዋን ወ/ሮ ራዲያ ጃፋርን ነበር። ቤቱ ሲያጨበጭብ የወ/ሮ ሠርኬ እጅ ከጉልበታቸው አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ አላቸው። የማኅበሩ ባለሙያዎች ወ/ሮ ራዲያ ቤት ሲገቡ በመስኮት ያያሉ፤ ሳቅ ሲሰሙ መስኮቱን ይዘጋሉ። "ትናንት የመጣች ስለ ወንዛችን ምን ታውቃለች?" እያሉ የእድሩን ሴቶች ከስብሰባ አስቀሩ። ማኅበሩም ሰው ካልመጣ ሥራውን ወደ ሌላ ሰፈር እንደሚወስድ አስታወቀ።

ወ/ሮ ራዲያ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ "እትዬ ሠርኬ፣ ሰፈሩ ከሚጎዳ ሰብሳቢነቱን እርስዎ ይውሰዱት" አሏቸው።

"አንቺ የተውሽውን እኔ አላነሳም!" አሉ። ሹመቱ አንሶ ደግነቱም የራዲያ መሆኑ የባሰ አንገበገባቸው።

ከዕቅዱ ስህተት ሊፈልጉ ወንዙን ተከትለው እስከ ታች ወረዱ። ፈልገውም አላጡ። ተከላው የሚጀምረው ከላይ፣ ከመንገዱ አጠገብ ነው፤ ጎርፉ ቀድሞ የሚገባባቸውን፣ ታች በኪራይ የሚኖሩትን ተሸካሚዎች ማንም አላማከረም። ወ/ሮ ሠርኬ በቀጣዩ ስብሰባ የእድሩን ሴቶችም ተሸካሚዎቹንም አስከትለው ገቡ።

"ራዲያ፣ ውሃው የሚገባው እነዚህ ሰዎች ቤት ነው። ለምን ረሳሻቸው?" አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወ/ሮ ራዲያ ብድግ ብለው፣ "እውነትዎን ነው፤ አጥፍቻለሁ" አሉ። ወደ ተሸካሚዎቹም ዞረው፣ "እናንተ ምን ትላላችሁ?" ሲሉ ጠየቁ።

ጠይብ የተባለው ተሸካሚ፣ "ዛፉን አንጠላም። ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጅ ታቅፈን ቆመን ነው የምናድረው። ከታች ጀምሩልን" አለ።

ዕቅዱ ተለወጠ፤ ቀርከሃውና ሣሩ መጀመሪያ ታች ተተከለ። ወ/ሮ ሠርኬ ረትተው ነበር፤ ስብሰባው ሲበተን ግን ሰው የከበበው ጥፋታቸውን ያመኑትን ወ/ሮ ራዲያን ሆነ። ያም አልተዋጠላቸውም።

የወይራ ችግኞቹን መንከባከቡ ለነዋሪው ሲከፋፈል የወንዙ አንዱ ዳር ለእሳቸው፣ ማዶው ለወ/ሮ ራዲያ ደረሰ። በየማለዳው ማዶ እያዩ የማን ወይራ እንደሚበልጥ ይመዝኑ ነበር። የራዲያ ሲጠወልግ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ ሲያገግም የራሳቸውን ደግመው ያጠጣሉ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ዳር ለመለመ። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሲሞላ ውሃው የእነ ጠይብን ደጃፍ ሳይረግጥ አለፈ።

ወ/ሮ ሠርኬ በ2006 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ወ/ሮ ራዲያ ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። አንድ ቀን ወ/ሮ ሠርኬ፣ "ወይራሽ የኔን በለጠው አይደል?" ብለው ጠየቋቸው።

"በልጦታል፣ እትዬ።"

"ብትዋሺኝ አልምርሽም ነበር" አሉና እጃቸውን ያዟቸው። "በይ የኔንም አጠጪልኝ። ከራስሽ ግን አስቀድሚ።"

ወ/ሮ ሠርኬ ግንቦት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። የቅዱሳን አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማንም በማይቀናበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለወ/ሮ ራዲያ መጽናናትን ይስጥልን።