ማኮብኮቢያውን ያጸዱ የነበሩት የጋሽ ጠጠር የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጠጠር እያለ የሚጠራቸው አባታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው በማለፋቸው በስስት አደጉ። ትምህርታቸውን እዚሁ ሲከታተሉ በሒሳብ ጎበዝ፣ በእጅ ጽሑፍ ግን የመምህራን ራስ ምታት እንደነበሩ አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1962 ዓ.ም. በቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጠሩ። ሥራቸው አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ማኮብኮቢያውን በፒካፕ መኪና ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ፣ ውሻ ካለ ማባረር፣ ጠጠር ካለ ወርደው ማንሣት፣ በመጨረሻም በሬዲዮ «መንገዱ ነፃ ነው» ማለት ነበር። እሳቸው ይህን ሳይሉ አንድም አውሮፕላን አያርፍም። ያነሡትን ጠጠር ኪሳቸው ከትተው ቤት ይገቡ ስለነበር ስሙ ወጣላቸው።

በ1968 ዓ.ም. እዚያው ትኬት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። እናታችን የሱሪ ኪስ መጣፍ ሲሰለቻቸው «የሰው ባል ሥጋ ገዝቶ ይገባል፣ የኔው ኮረት!» ይሏቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ከከተማው ውጭ ሰፊ ማረፊያ ተሠርቶ የቀድሞው ተዘጋ። ተርሚናሉ ሆስፒታል፣ ማኮብኮቢያው ዋና ጎዳና ሆነ። ከተማው በዚህ እንደተጠቀመ ማንም አይክድም፤ አባታችን ግን ካዱ። ዳግመኛ ያንን ግቢ ላይረግጡ ማሉ። ጎዳናውንም ላለማየት ገበያ የሚሄዱት ዙሪያ ጥምጥም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ልጃቸው በሆስፒታሉ በነርስነት ስትቀጠር «እኔ ሠርቼ ያሳደግሁሽ እዚያ ነው፤ አንቺ ሬሳው ላይ ቆመሽ ልትሠሪ ነው?» ብለው ለወራት አኮረፏት።

አምና የስኳር ሕመማቸው ግራ እግራቸው ላይ ቁስል አወጣ። ነርስ ልጅ እያለቻቸው ደበቁ፤ ካልሲ አድርገው ይተኙ ጀመር። ሽታው ሲያጋልጣቸው ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። በአቅራቢያችን ያለው ሆስፒታል ያ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ክሊኒክም ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ መልሷቸዋል። እሳቸው ግን «እዚያ ከምገባ እግሬ ይቆረጥ» አሉ። ልጃቸው በጣም ተናደደች። ንዴቷ ዛሬም አልበረደም። ይህን በቀብር ቀን መናገር ነውር ከሆነ ነውሩን ትሸከማለች፤ አባቷ ይድኑ ነበርና።

በያዝነው ሳምንት መጀመሪያ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ታክሲ ነጂው ወንድ ልጃቸው ማንንም ሳይጠይቅ ጭኖ ሆስፒታል አደረሳቸው። ቁስሉ ደማቸውን መርዞት ስለነበር ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም። ሲነቁ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይሄ የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ አይደለም እንዴ?» አሉ። ነው አልናቸው። ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ አልተቆጡም። ወደ ማታ ልጃቸውን ጠርተው «መንገዱን አየሽው?» ሲሉ ጠየቋት። በመስኮቱ የሚታየው ጎዳና በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጨናንቆ፣ ጥሩምባው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ልጃቸው ግን «አባዬ፣ መንገዱ ነፃ ነው» አለቻቸው። እጇን ጨበጥ አድርገው ዓይናቸውን ከደኑ።

ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ላልተለያችሁን፣ ዛሬም ከሥራችሁ ቀርታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። የእሳቸውንም ነፍስ ቁጣና ቂም በሌለበት ያሳርፍልን።

ከዚህ ተነሥተን ወደ መካነ መቃብሩ የምንሄደው በዚያው ጎዳና ነው፤ ዙሪያ ጥምጥሙ ለአስከሬን መኪና አይመችም። ከመኪናው ፊት የምትሄዱ ወዳጆቻችን፣ መንገዱ ላይ ጠጠር ካያችሁ እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንሡላቸው።