በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ሳምንታት

በብዙ እናቶች ምጥ ላይ ሳትታክቺ የቆምሽ፣ እጅሽ ለሕፃን አንገት የለሰለሰ፣ ቃልሽ ግን ለአለቃም ለምንዝርም አንድ የሆነ፣ የወላጆቻችን የመጨረሻ ልጅና የሁላችንም መኩሪያ፣ ሐኪሟ እኅቴ ሆይ፤ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤንነትሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም በዋናው መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ መዋል ከጀመርሽ ወዲህ ተሻለሽ ወይስ ባሰብሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ በሆስፒታሉ ከምይዘው የልደት መዝገብ ቀጫጭን መስመሮች ጋር መኳረፍ ጀምሯል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ቁጥሮቹን ከመዝገብ ጋር አመሳክሬ እንድመልስ ባለፈው ሰኞ የላክሽልኝ ሪፖርት ነው። በወረርሽኙ እገዳ ወራት ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በግማሽ ስለ ቀነሱ፣ በሆስፒታላችን ምድር ቤት ያለው የሕፃናት ማሞቂያ ክፍል ተዘግቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ይሁን ይላል። አመሳከርሁ፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

በፎቁ፣ በከፋዮች ክፍል የሆነው እውነት መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ባለጸጋዎቹ እናቶች በየቤታቸው ተከተው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ ሥራቸውን በኮምፒውተር እየሠሩ ስለ ከረሙ፣ ወራቸው ሞልቶ በደኅና ተገላገሉ፤ በዚያ ያሉት አራት የማሞቂያ አልጋዎችም ሽፋናቸው ሳይገለጥ ከረመ። በምድር ቤት በኩል የሚመጡት ግን፣ አጣቢዎቹና ጽዳቶቹ፣ የልብስ ፋብሪካው ሰፊዎችም፣ ሥራቸው «አስፈላጊ» ተብሎ ስላልተቋረጠ፣ ታክሲ ሲቆም በእግራቸው አንድ ሰዓት ተኩል እየተጓዙ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉ ነበር። የእርግዝና ክትትል ክፍሉ ተዘግቶ ስለ ነበር ከእነርሱ ካርድ ያላት አልተገኘችም፤ ከበላይ የመጣው መመሪያ ደግሞ ማኅተም ያለበት ካርድ ላልያዘች እናት በእርግዝና ሳምንቱ ዓምድ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ ይላል። «አይታወቅም» የተባለ ሕፃን፣ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ያለጊዜው ከተወለዱት ጋር አይቆጠርም። መመሪያው በማን ፊርማ እንደ ወጣ አላነሣም፤ እኔም ፊርማውን በማየት ብቻ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳላቀርብ ታዘዝሁ።

ሴቶቹ ግን መንገድ የተዘጋበትን ቀን ይዘው ሳምንታቸውን አሳምረው ይቆጥሩ ነበር። አንዷ ልብስ ሰፊ በምጥዋ መካከል «አባባ፣ ማኅተም ከሆነ የቸገርዎት ልጁ ሲወጣ ግንባሩ ላይ ይምቱለትና ለአለቆችዎ ይላኩት!» ብላ አዋላጆቹን ሁሉ አሳቀች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ «አቶ ማኅተም» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዓምዱን እንደ ታዘዝሁት በቀለም እየሞላሁ፣ እያንዳንዷ የነገረችኝን ሳምንት በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ማስፈር ጀመርሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። በሆስፒታላችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ በመስኮቴ ባለፈች ቁጥር «አቶ ማኅተም፣ ዛሬስ ማንን አተሙልን?» ሳትለኝ የማታልፍ ቀጭን ልጅ፣ አንድ ረፋድ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት መጣች። «አባባ፣ ሆዴ ወደ ታች እየሳበኝ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ ልቀመጥ፣ የዕረፍት ወረቀት ይጻፉልኝ» አለችኝ። ካርድሽ የት አለ ብላት፣ «ማን ይስጠኝ? በሩን ዘግታችሁት!» አለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤቱ መጥቶ፣ ከዚያ ወጥቶ ድንበር ላይ ስለ ቀረ፣ ሳምንቱን ከማንም ሐኪም ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። «ካላመኑኝ መንገዱን የዘጉትን ሰዎች ይጠይቋቸው» ብላም ሣቀች። እኔ ግን ካርድ ለሌላት የዕረፍት ወረቀትም አይጻፍ የሚለውን ያንኑ መመሪያ አወጣሁና፣ እኅቴ ሆይ፣ አንዲት ነጥብ ሳልስት አነበብሁላት። «እሺ አባባ፣ ምን ይደረግ» ብላ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የሚመዝን ወንድ ልጅ ወለደች። የምድር ቤቱ ሦስት አልጋዎች ሁለት ሁለት ሕፃን ይዘው ስለ ነበር፣ እርሱ በአንዱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ከፎቁ አንድ አልጋ እንዲወርድለት ብለምን፣ የፎቁ ነርስ «አባባ፣ እኔን አያስቀጡኝ፤ የከፋዮች ነው» አለችኝ። እኔም በዓምዱ «አይታወቅም»፣ በኅዳጉ «ሠላሳ» ብዬ ጻፍሁ። ሕፃኑ አልሰነበተም፤ በወለደች በዐሥረኛው ቀን እናቲቱ ሥራዋ ላይ ተገኘች፤ ከማሞቂያ ክፍሉ በመጣው እጥበት መካከል፣ እርሷ ራሷ ጠርዙን የሰፋችለትን ትንሽ ብርድ ልብስ አገኘች። ለብቻው በእጇ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ አጥፋም ለሌላ ሕፃን ይሁን ብላ መልሳ ላከችው። በመስኮቴ ስታልፍ አልቀለደችብኝም።

ይህን የምነግርሽ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። መመሪያውን ከሩቅ የጻፈው ፊቷን አላየም፤ እኔ ግን አይቼ አነበብሁላት። ነገር ግን ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ሰዓት በዚያ ክፍል አምስት ሕፃናት ተኝተዋል፤ ሪፖርቱ እንዳለ ከተነበበ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት የሚገቡበት አይኖራቸውም።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ የልጆችሽን ልጆች ወራቸው ሞልቶ ለመታቀፍ ያብቃሽ፤ እጅሽ እንደ ተባረከ ይኑር።

የመዝገቡን ግልባጭ ከኅዳጉ ጋር ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ሪፖርቱን ከማቅረብሽ በፊት፣ «አይታወቅም» ተብለው በእርሳስ ግን ከሠላሳ ሰባት ሳምንት በታች የተጻፈላቸውን አርባ አንድ ሕፃናት ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ጋር ቁጠሪያቸው።

ታላቅ ወንድምሽ