የሀያት አባት ፎቶ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017

የፎቶ ግሩፓችን የዚህ ሳምንት ርዕስ «መጠበቅ» ነበር። ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አስፈቅጄ አንስቼ ስለነበር እሳቸውን ለጠፍኩ። ከሰዓት በኋላ ከግሩፑ አንዷ፣ ሀያት፣ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። በአካል ተገናኝተን አናውቅም።

«አባቴ ነው። ካገባሁ ወዲህ ተኳርፈናል። እንዴት ከስቷል!»

ደንግጬ «ላጥፋው እንዴ?» አልኳት።

«ተወው። ስታነሳው ምን አለህ?»

ያሉኝን እንዳለ ጻፍኩላት፦ «እኔም ልጅ አለችኝ፤ እንዳንተው ካሜራ ከእጇ አይጠፋም።»

«ነገ እሱ ቤት ልሄድ ነው» አለች። «ብቻዬን ፈራሁ፤ እስከ በሩ ትሸኘኛለህ?»

እሺ አልኳት። ካሜራዬን ግን አልይዝም።