ከትከሻዬ ኋላ ያለው ቀይ መስመር

ውድ ወንድሜ ጉጉት፣

ጨለማ ውስጥ ብቻህን ቆመህ ከኋላህ ሰው ያለ መስሎህ አያውቅም? ዞር ስትል ማንም የለም፤ በራስህ ስቀህ ትሄዳለህ። እኔ ግን ዞር አላልኩም።

ከአባዬ ጋር ተጣልተህ ከቤት ከወጣህ ወዲህ ስልክህ አይነሳም፤ ኢሜይልህን ግን እንደምታይ ተስፋ አለኝ። ተመርቄያለሁ። ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ፣ አንተ ያስጀመርከኝን የሰማይ ፎቶ ቀጠልኩበት። የድሮ ምክርህን ሰምቼ አዲስ ካሜራ መግዛቱን ትቼ ጠንካራ የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድና ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ ሌንስ ገዛሁ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ለሠርግ ነው?» አለኝ። «ለከዋክብት» ስለው፣ «እነሱ ደግሞ መች ይከፍላሉ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ማታ እማዬ «ኮከቡ በግቢያችን አያልፍም? ምን ያንከራትትሻል?» እያለችኝ፣ አብረን እንሄድበት ወደነበረው የድንጋይ ካባ ብቻዬን ወጣሁ። ካሜራው በራሱ እየደጋገመ እንዲያነሳ አድርጌ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ሌንሱ ለእያንዳንዱ ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚሆን፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ፣ የተንቀሳቀሰ መብራትም መስመር መስሎ ነው የሚወጣው። «ድንጋይ ሁኚ» ትለኝ ነበር። ድንጋይ ሆንኩ። ከኋላዬ ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ። ሞኝነቴን እይልኝ፤ ፎቶው እንዳይበላሽ ብዬ አልዞርኩም። ካሜራው ሲጨርስ ዕቃዬን ሰብስቤ፣ ወደ ኋላ ሳላይ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ከፈትኳቸው። መጀመሪያው ላይ እኔና ከዋክብቱ ብቻ ነን። ቀጥሎ ካባው ጫፍ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ መብራት ይዞ የሚራመድ ሰው። በሚቀጥለው ቀረብ ብሏል። በመጨረሻው ትከሻዬ አጠገብ ነው፤ መስመር መሆኑ ቀርቶ ነጥብ ሆኗል። ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ቀይ መብራት ማን ይይዛል? ዓይናችን የለመደውን ጨለማ እንዳይረሳ ብለን እኛ ነን የምንይዘው። መንገደኛ ነጭ ያበራል፤ ሌባ ጭራሽ አያበራም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ከዚያ ወዲህ መብራት ሳላጠፋ ነው የምተኛው። እማዬ «ምነው፣ ጨለማ ወዳዷ ልጄ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? አንተ ነህ ብላት ደጅ ደጁን ስታይ ልትውል ነው፤ አይደለም ብላት ከቤት አታስወጣኝም።

ጉጉቴ፣ አንተ ከሆንክ እዚህ መሆንህን ለአባዬ ትንፍሽ አልልም። ብቻ «እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍልኝ። ካልሆንክም ጻፍልኝ፤ ያኔ መጥተህ አብረኸኝ ትወጣለህ። ቶሎ በል፤ ሰማዩ ሰሞኑን ጠርቷል፣ እኔም አርፌ እንደማልቀመጥ ታውቃለህ።

ታናሽ እህትህ