የእንግዳ ድርሻ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬም መነጽር ቤት ዋልኩ። ሬን ከተማ ላይ ዝናቡ አላቆመም። ሌንስ እየቀያየርኩ “አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?” ስል ዋልኩ። ሰው ሁሉ ይመርጣል። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ “ልዩነታቸው አልታየኝም፣ አንቺው ምረጭልኝ” አሉኝ። እንባዬ መጣ። የመሞከሪያውን መነጽር አፍንጫቸው ላይ ትቼ መጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ባልደረባዬ ጉንፋን መስሏት ሻይ አመጣችልኝ።

ማታ ሱቅ ገብቼ የትኛውን እርጎ እንደማነሳ ጠፋኝ። አብሬው የኖርኩት ታንጊ ነበር የሚያነሳው። ቆሜ፣ ቆሜ... ባዶ እጄን ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እርጎ መምረጥ አልችልም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ። ፖርዝ ዱ ልሄድ ነው፣ ብቻዬን። ከታንጊ ጋር ያልሄድንበት የባሕር ዳርቻ እሱ ብቻ ነው። “የዚያ ሰዎች እንግዳ አይወዱም” ይል ነበር።

በሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተት፣ ሰርፍ የሚባለውን፣ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ማዕበል ግን ራሴ መርጬ አላውቅም። ታንጊ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። “ሂጂ!” ሲለኝ እቀዝፋለሁ። እወድቃለሁ። ብቅ ስል ሌላው ራሴ ላይ ይፈርሳል፣ ከዚያም ሌላው... እሱ ከኋላ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ ዳር ይመጣል። “ትንሽ ነው የሚቀርሽ” ይለኛል።

ባለፈው ወር በር ላይ ቆሞ ያንኑ ቃል አለኝ። “በቃ፣ ሂጂ፣ ኤኖራ።” ቤቱ የሱ ነው። ሄድኩ። እሱ ስላለኝ አይደል?

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

ደረስኩ። ሰሌዳውን መኪናው ላይ ማሰር አልሆነልኝም። ገመዱ እየተፈታ ስንት ጊዜ መንገድ ዳር ቆምኩ። የተከራየሁት ክፍል ከዳቦ ቤት በላይ ነው፤ የቅቤ ሽታ ይገባል። ደግ ነው፣ ግን መብላት አልቻልኩም።

አሸዋው ኮረብታ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ የሲሚንቶ ምሽግ አለ። እሱ ላይ ወጥቼ ባሕሩን አየሁት። ጥሩ ነው? መጥፎ ነው? ምንም አልገባኝም። ለታንጊ ደወልኩ። አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ክብር የሚባል ነገር አልቀረኝም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ገባሁ።

የጎማ ልብሴ ዚፕ ከጀርባ ነው። እጄን ባዞር ባዞር አልደርስበት አልኩ። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጥተው ሳብ አደረጉልኝ። ስልሳን ያለፉ ናቸው። ፀጉራቸው አጭር፣ እግራቸው የጎረምሳ። ሶይዚግ ይባላሉ። እዚሁ መንደር ፋርማሲ ነበራቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እርስዎም ሊገቡ ነው ወይ ብላቸው ሳቁብኝ።

“መሬት ላይ እንደወደድሽ። ውሃ ውስጥ ግን አንቱ የለም።”

ራቅ ብዬ ሰሌዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማዕበሉ ከሥሬ ያልፋል፣ ያልፋል። ይኼኛው ይሁን? እሱስ? አንገቴን ወደ ጎን አዞርኩ... ለካ ማንም የለም። አንዱም ላይ ሳልቀዝፍ ከንፈሬ ጠቁሮ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ። መስኮቱ በትንፋሼ ስለተሸፈነ ማንም አላየኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ያው። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ወጣሁ። ውሃው ላይ ሳለሁ ወደ ጥልቁ መቅዘፍ አማረኝ። ወደ ዳር ሳይሆን ወደዚያ፣ ዝም ብሎ ወደዚያ። ራሴን ፈራሁትና ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

መጻፍ አለብኝ። ልጻፈው።

ሶይዚግ ዛሬ እየቀዘፈች አጠገቤ መጣች። (ውሃ ውስጥ ስለነበርን መጣች ልበል።)

“አንቺ ልጅ፣ ይኸው ስትጠብቂው ሰነበትሽ። ባሕሩን ማን ይሰርቀዋል ብለሽ ነው?”

ከስንት ቀን በኋላ ሳቅ አመለጠኝ። መምረጥ አላውቅም አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ማዕበል ደግሞ ለብቻው አይመጣም፤ ጸጥ ይልና ሦስት አራት ሆኖ ይሰለፋል። ሰልፉ ከሩቅ ታየ። እንዳትታዘበኝ ብዬ ሰሌዳዬን አዙሬ ለአንደኛው መቅዘፍ ጀመርኩ። ከኋላ የሰሌዳዬን ጭራ ያዘችው።

“ተይው። እሱ የእንግዳ ድርሻ ነው።”

ምን ማለት ነው አልኳት።

“አንደኛውን እዚህ እንደዚያ ነው የምንለው። ከሩቅ ያምራል። እሱ ላይ የሄደ ሰው ከወደቀ አለቀለት፤ የኋላዎቹ አንድ በአንድ ራሱ ላይ ይፈርሳሉ። ቦታው ይለቀቅልናል፤ ጥሩውን እኛ እንወስዳለን። እና እንግዳ ሲመጣ በትሕትና እንጋብዘዋለን። ሂድ፣ ሂድ፣ ያንተ ነው እንለዋለን።” ሳቀች። “ነውር ነው። ግን ይሠራል።”

ከዚያ ሦስተኛው ላይ ተነሥታ ሄደች።

እኔ ቀረሁ። አንደኛው። ታንጊ “ሂጂ!” የሚለኝ ሁልጊዜ አንደኛው ላይ ነበር። በጋ፣ ክረምት፣ የሄድንበት ሁሉ... ከውሃ ብቅ ስል ቀጣዩ ራሴ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ታንጊ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር። ሰውነቴ አይሆንም ብዬ ነበር! ትንሽ የሚቀረኝ መስሎኝ...

ዳር ስወጣ ሶይዚግ ፊቴን አይተው በረደሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ከአልጋ አልተነሣሁም። ምናልባት አያውቅም ይሆናል። ለኔ ይቀላል ብሎ ይሆናል። ግን እንዴት አያውቅም? ሦስተኛውን እየጠበቀ እንዴት አያውቅም?

ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከ። “መደወልሽን አየሁ። የት ነሽ?” ነገርኩት። “ቅዳሜ እመጣለሁ። ብቻሽን እንዳትገቢ” አለኝ።

ደስ አለኝ። ትናንት የጻፍኩትን ጽፌ፣ ዛሬ ደስ አለኝ። ተነሥቼ ፀጉሬን ታጠብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

መጣ። ጉንጬን ሳመኝ፣ ከሳሽ አለኝ። ዚፔን ዘጋልኝ። እጁ ጀርባዬን ሲነካ ሁሉን ልረሳለት ዝግጁ ነበርኩ። እውነቱን ነው የምጽፈው።

ገባን። ጸጥ አለ። ሰልፉ መጣ። አንደኛው ሲያብጥ፣ “ሂጂ!” አለኝ።

እጆቼ ሳላዛቸው መቅዘፍ ጀመሩ። የኔ እጆች! በግድ አቆምኳቸው። ማዕበሉ ከሥሬ አለፈ።

“ሂጂ አልኩሽ እኮ።”

“አንተ ሂድበት።”

“እኔ የኋላውን ነው የምፈልገው።”

ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው። ቃሉ እንዳመለጠው እንኳ አላወቀም። ሦስተኛው ሲመጣ ተነሥቶ ሄደ፣ ቆንጆ አድርጎ፣ እስከ ዳር።

አሸዋው ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ትከሻውን ነቀነቀ።

“አንደኛው ለጀማሪ ይሻላል። ደግሞ አንድ ቀን ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ያንገበገበኝ አለመጠየቄ ነው፣ ክፋቱ እንኳ አይደለም። ክፉ ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም።

ከዚያ፣ “ነይ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ቤታችን እንሂድ” አለኝ። ቤታችን አለ። ይህንን ቃል ስንት ሌሊት ለምኜ ነበር። 

“እኔ እዚህ እቆያለሁ” አልኩት።

እንደ ፈለግሽ አለና ሄደ። መኪናው ከእይታ ሲጠፋ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ምን አድርጌ ነው? ሮጬ ልጥራው? አሁንም ስጽፍ ስልኩ ከጎኔ ነው። 

እሁድ፣ ኦክቶበር 26

ነፋሱ ዞሮ ባሕሩን አደፍርሶታል። ሶይዚግ ምሽጉ ላይ ቁጭ ብለው ትኩስ ነገር ይጠጣሉ። ዛሬ አይሆንም፣ እኔም አልገባም አሉኝ። ሰማኋቸው። ገባሁ።

ሰልፉ መጣ። አንደኛውን ተውኩት። ሁለተኛው ደስ አላለኝም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሦስተኛው አመለጠኝ። በረደኝ። ቀጥሎ የመጣውን ሰልፍ እያየሁ አንገቴን ወደ ጎን አላዞርኩም፣ ፊት ለፊት ብቻ ነው ያየሁት። ከመሃል አንዱ ወደ ቀኝ ጋደል ያለ ነበር። ወደድኩት። ቀዘፍኩ። ገና በጉልበቴ እንዳለሁ ገለበጠኝና አፍንጫዬን አሸዋ ላይ መታኝ።

ደሜን እየጠረግሁ ወጣሁ። ሶይዚግ መሐረባቸውን ይዘው ከምሽጉ ወረዱ። አገጬን ቀና አድርገው አፍንጫዬን ነካ ነካ አደረጉና አልተሰበረም አሉ። ከዚያ ባሕሩን ዞር ብለው አዩት።

“ከዚያ ሁሉ መሃል የባሰውን እኮ ነው ያነሣሽው።”

“አውቃለሁ” አልኳቸው። “የመረጥኩት እኔ ነኝ።”