የእናትዎ አጎዛ

እትዬ የውብዳር፣

ማዳም ለሥራ በማለዳ ስላስጠሩኝ ሳልሰናበትዎ ወጣሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ዝንብ እንዳይገባበት ከድኜዋለሁ።

ሌሊት ሳሌን ሰምተዋል። ብርድ መትቷት ነው ብለው መስኮቱን በጨርቅ ወተፉት፤ ከመንዝ ያመጡትን የእናትዎን የበግ አጎዛም እንደ ሰሞኑ ሁሉ አነጠፉልኝ። በጅቡቲ ሐሩር ብርድ ከየት ይመጣል?

ማዳም ቤት ሰሌን ላይ ሳድር አንዴም አያስነጥሰኝም። እዚህ ግን ጋደም ከማለቴ አፍንጫዬን ይበላኛል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ደረቴ ይከተላል። የማዳም ሐኪም፣ «አፍንጫና ደረት አንድ ቤት ናቸው፤ በሩ ሲቆጣ ጓዳው ይዘጋል። ጠጉር ላይ አትተኚ» አሉኝ።

ልነግርዎ ብዬ ነበር። አጎዛውን እንደ ሰው ሲዳብሱት አየሁና ተውኩት።

አራግፌ ሣጥንዎ ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አይቀየሙኝ። መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ፤ አቧራ ቢገባ ስመለስ እጠርጋለሁ።

ማታ እንደገና ተነጥፎ ካገኘሁት ግን ምንም አልልም፤ እተኛበታለሁ።

ከእርስዎ ሌላ፣ በዚህ አገር ለእኔ የሚያነጥፍልኝ ሰው የለም።

ዓለምነሽ