በማለዳ የሚፈሩት እንግዳ፦ የኦቦ ዓብዲሳ ቱፋ የሕይወት ታሪክ

ኦቦ ዓብዲሳ ከአባታቸው ከኦቦ ቱፋ ጋሮማና ከእናታቸው ከአደ ፋንቱ ዳዲ በደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ አለፍ ብሎ በጭልሞ ጫካ ሥር ባለች መንደር በነሐሴ 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጊንጪ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአምቦ አጠናቀው በሒሳብ መምህርነት ተመረቁ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ መቲ ጉዩ ጋር ትዳር መሥርተው ቶኩማንና ፌቨንን ወልደዋል።

በ1988 ዓ.ም. ዘመድ አዝማድ «አበደ እንዴ?» እያለ የመምህርነት ሥራቸውን ለቀው በአምቦ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፈቱ። ቆየት ብለውም ለመሥሪያ ቤቶችና ለገበሬ ማኅበራት ኮምፒውተር እየሸጡ፣ የደመወዝና የንብረት ፕሮግራም እየሠሩ ጊንጪን፣ ጉደርንና ባኮን አዳረሱ። ታዲያ የሸጧቸው ኮምፒውተሮች በየቢሮው ዳንቴል ለብሰው መቀመጣቸው ያበግናቸው ነበር። ነገሩን ሲያጣሩ፣ ለካ ኃላፊው በጸሐፊው ፊት መሳሳት አፍሮ ኖሯል!

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሰዓት በኋላ በሩን ዘግተው ኃላፊውን ብቻውን ማስተማር ጀመሩ። በር ሲዘጋ ደግሞ ሰው ሆድ ይፍጀው ያለውን ሁሉ ያወጣል። ስለ ማውስ የተጀመረው ጨዋታ ስለ ሠራተኛው፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ፍርሃቱ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ድርጅቱን ለባልደረባቸው ለአቶ ታደሰ አስተላልፈው የሥራ መሪዎች አሠልጣኝ፣ ዛሬ ኮች የሚባለውን፣ ሆኑ። ምክር አይሰጡም፤ ይጠይቃሉ። «ይህን ለሰውየው ለራሱ ነግረኸዋል?» የምትለው ጥያቄያቸው ስንቱን ባለሥልጣን ላብ በላብ አድርጋለች።

ነገር የከበደው በ2000 ዓ.ም. ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር በመኪና አደጋ ሞቶ፣ ኃላፊው የሟቹን ባለቤት እንዴት እንደሚያረዳ ቢጨንቀው ኦቦ ዓብዲሳን ለመናቸው። እሺ ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው የሰሙት ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከጮኸ ሰው ነው። አደ ፋንቱ እዚያው ወደቁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ልባቸው ሕመምተኛ ሆኖ ቀረ። ኦቦ ዓብዲሳ ሄደው ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጡና ሳይዋሹ፣ ሳይጮኹ ነገሯት። ወሬው ተዛመተ፤ ከዚያ በኋላ ከባድ መርዶ በመጣ ቁጥር የሚጠሩት እርሳቸው ሆኑ።

ወይ ጉድ፣ ሰው የሚያከብረውን ሰው እንዲህ ይፈራል? ማልደው ሲወጡ ጎረቤቱ በየደጁ ቆሞ ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፉ በዓይኑ ይከተላቸዋል። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ጉደር አንድ ኃላፊ ቤት ማልደው ቢደርሱ፣ የኃላፊው ባለቤት በሩ ላይ ሲያዩአቸው ኡኡ አሉ። መንደሩ ተሰበሰበ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ከቀትር በፊት ሰው ቤት መሄድ ተዉ።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። በአገራችን ልማድ ሐኪሙ እውነቱን ለቤተሰብ ነገረ፤ ለእርሳቸው «ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቷል» ተባለ። በጥር ወር የእድር ሽማግሌዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ስለ ስንዴው፣ ስለ ውርጩ አወሩ እንጂ ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ኦቦ ዓብዲሳ ግን «ይህን አመጣጥ አውቀዋለሁ፤ ንገሩኝና እንገላገል» አሉ። ተነገራቸው።

የቀራቸው ጭንቀት እናታቸው ነበሩ። የቅርብ ሰዎቻቸው ሁላችንም ልባቸው አይችልም፣ ከቀብር በኋላ ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል አልን። እርሳቸው ግን እናቴ ዳግመኛ ከጩኸት አትሰማም ብለው፣ በየካቲት ወር አንድ ማለዳ በታናሽ እህታቸው በዘነበወርቅ ተደግፈው ወደ መንደራቸው ሄዱ። አደ ፋንቱ በዚያ ሰዓት ልጃቸውን በራፍ ላይ ሲያዩ ግድግዳውን ያዙ።

«ማን ሞተ?»

«የምሞተው እኔ ነኝ፣ አዮ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

እናት «ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው?» አሉና እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው። ኦቦ ዓብዲሳ ሳምንት ያህል በእናታቸው ቤት ሰነበቱ።

ሕመሙ እየጠና ሄዶ መጋቢት 19 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው አምቦ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እህታቸውና እናታቸው አሉ።

ዛሬ ማለዳ ሽማግሌዎች አደ ፋንቱን ለማርዳት ሲደርሱ፣ አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «ልጄ ነግሮኛል፤ ግቡ» አሏቸው።

ነፍሳቸውን ቸሩ እግዚአብሔር በቤቱ ይቀበልልን፤ ለእናታቸውም ብርታቱን ይስጥልን።